ዝም ያለው እሳት

በእነራንጋቢ፣ በቻክማ ሕዝብ ተራራ ጫካው ይመነጠራል፣ ይደርቃል፣ ዝናብ ሳይቀድም ይለኮስና በአመዱ ላይ ሩዝ ይዘራል። እሳቱ ሲደርስበት ቀርከሃው በየአንጓው ጧ! ጧ! እያለ ይፈነዳል። አምና ከጦር ካምፑ የወጣ ወታደር ያንን ቀርጾ ወሰደ። በማግስቱ በየሰው ስልክ ላይ «መሬታችን ይመለስ ባዮቹ ቻክማዎች እየተኮሱ የሰፋሪዎችን መንደር ሲያቃጥሉ» ተብሎ ወጣ። ያልተቃጠለ መንደር! ካምፑ በቻክማዎቹ መሬት ላይ ያሰፈራቸው ሰፋሪዎች ግን አመኑት። ዱላቸውን ይዘው ከሜዳው ወጡና የምር መንደር አቃጠሉ፤ የእነራንጋቢን።

ዘንድሮ ታዲያ የራንጋቢ ልጅ ሱኒቲ መላ አመጣች። ስለ መሬታቸው በሰልፍ ፊት የምትናገረው እሷ ነች፤ የካምፑ አዛዥ ስሟን ከእናቷ እኩል ያውቀዋል።

«ቀርከሃውን አንድ በአንድ እንሰነጥቀው፤ አየሩ ከወጣለት አይፈነዳም» አለች።

«እሳት በድምፁ ነው የሚጠበቀው። አፉን ከዘጋሽው የት እንደገባ በምን ልታውቂ ነው?»

«በዓይናችን ነዋ፣ እማ።»

«በዚያ ሁሉ ጭስ? እሰየው፣ ዓይን ያለሽ!»

የራንጋቢ አፍ ይናገር እንጂ እጇ ቆንጨራውን አንስቷል። ባለፈው ዓመት ቤቷ ሲነድ የሰማችው ጩኸት ገና ከጆሮዋ አልወጣም። መንደሩ በሙሉ ሲሰነጥቅ ሰነበተ። በደቡብ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ሌላ ምርጫ አልነበረምና ለኮሱት።

እሳቱ እንደ ሌባ ሄደ። ሌላ ጊዜ ዳር ዳሩን የቆሙት ሰዎች ፍንዳታው ወደቀረበበት ይሮጡ ነበር፤ አሁን ወዴት ይሩጡ? ጭሱ ውስጥ ተፋጠው ቆሙ። ራንጋቢ ጆሮዋን ብታቀና ምንም የለም። ያገኛት ሽታ ነው፤ ስኳር የሚያር የሚመስል ሽታ። ከተዳፋቱ ግርጌ ያለው ደግሞ የሰፋሪው የሞታሌብ አናናስ ነው።

በእርጥብ ቅጠልና በአፈር ተረባርበው እስኪያጠፉት ድረስ ግማሹ አትክልት ሄዷል። ሱኒቲ አመድ ለብሳ ዘፍ አለች። ከማዶ ጉብታ ላይ አንድ ወታደር ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆሟል።

«እማ፣ ውሸታቸውን እኛው እውነት አደረግንላቸው።»

«ተነሺና ልጆቹን ወደ ጫካ አስገቢ። እኔ ሞታሌብ ዘንድ ወርጃለሁ። ከሌላ ሳይሰማ ከእኔ ይስማ።»

«ይገድሉሻል! እኔ ልሂድ።»

«አንቺ ከሄድሽማ ለካምፑ ሠርግና ምላሽ ነው። እኔን ቢመቱኝ የሚሰበረው ዱላቸው ነው።»

ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። ብትፈጥንም ወሬውን አልቀደመችም። የሞታሌብ ግቢ ዱላ በያዙ ወንዶች ተሞልቷል፤ አንድ ስልክ ከበዋል። ከስልኩ ውስጥ ጧ! ጧ! ይላል።

ራንጋቢ ደንግጣ ቆመች። ለአፍታ የገዛ ጆሮዋን ጠረጠረች። ኋላ ገባት፤ እሳቱ ዝም ቢልባቸው ድምፁን ወታደሮቹ ራሳቸው ጨመሩበት።

«ሞታሌብ!» አለች፤ «አናናስህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እሳቴ አመለጠኝ። ዝናቡ ሲጥል ከሰዎቼ ጋር መጥቼ እተክልልሃለሁ።»

«ሰማችሁ? በአፏ አመነች!» አለ አንድ ጎረምሳ። «ተኳሾቹን የት ደበቅሻቸው፣ አንቺ አሮጊት?»

«ተኳሿም እኔው ነኝ፤ ና ፈትሸኝ!» ሽርጧን አራገፈችለት። ከኋላ አንዱ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። «ሞታሌብን ጠይቁት እንጂ። አናናሱ ውስጥ ነበር፤ ሲሮጥ ቂጡን አይቻለሁ።»

ሁሉም ወደ ሞታሌብ ዞሩ። እሱ ያየው ወደ ካምፑ የሚወስደውን መንገድ ነው። መሬቱን የሰጠው ካምፑ፣ ሩዙን የሚሰፍርለት ካምፑ።

«ምነው እማማ፣ ምን አድርጌሽ ነው የመጣሽብኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ተኩስ ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

«አናናሴ ነዷል!»

«ነዷል። ተኩሱስ?»

«አልሰማሁም!» ብሎ ጮኸ። «እንኳን ተኩስ እሳቱንም አልሰማሁት! ብሰማው ኖሮ አትክልቴን አላድንም ነበር?»

 ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው አንድ በአንድ ወደየቤታቸው አመሩ። ጎረምሶቹ ግን ስልኩን ይዘው ወደ ካምፑ መንገድ ወጡ፤ ሰው ሊጠሩ ይሁን ሊበተኑ አይታወቅም።

ወደ እነራንጋቢ መንደር የሚያወጣው የተራራ መንገድ በሞታሌብ አጥር ሥር ነው የሚጀምረው። ራንጋቢ ሄዳ መሃሉ ላይ ተቀመጠች።

«ምን መሆንሽ ነው ደግሞ?» አላት ሞታሌብ።

«መውጣት የፈለገ በእኔ ላይ ተራምዶ ይለፍ።»

ሞታሌብ እያጉተመተመ መጥቶ እሱም ተቀመጠ፤ አጠገቧ ሳይሆን ራቅ ብሎ። ዱላውን አላስቀመጠም። ለማን እንደያዘው ራንጋቢ አልጠየቀችውም።