የተነከሰው ብሎን

ካቻቪቴው ከስንጥቁ አምልጦ የብሎኑን አንድ ጎን ገሽልጦት ሄደ። ወልደየሱስ እጁን ሰበሰበና ጎንበስ ብሎ አየው። ጨርቅ የለበሰው ሞርሳ በመንጋጋው አጥብቆ በያዘው ምንሽር ጠመንጃ ላይ፣ ከምላጩ ፊት ለፊት ያለው ብሎን አናቱ ተነክሶ አዲስ ነጭ ቁስል ያበራል።

"ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ በለጥሽ። ሻይ የምትሸጠው እዚያው ወርክሾፑ በር ላይ ነው።

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ ያልበዋል?"

"ሲቀላ፣ ቆላ ላይ ነው ያለነው፤ የማያልበው ማን አለ?"

በእጁ የያዘውን ካቻቪቴ አየው። ቡታጋዝ ሲፈታበት የሰነበተው ነው፤ ጫፉ እንደ ሽብልቅ የሾለ። የጠመንጃዎቹ ካቻቪቴዎች እጁ በሚደርስበት ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸውን በሞረድ ያስተካከላቸው ራሱ ነው፤ ጫፋቸው እኩል ውፍረት ኖሮት ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ወለሉ ድረስ እንዲሞላ። "ሳትሞላው አትጠምዝዘው!" እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ በጦር ሠራዊቱ ግምጃ ቤት ወጣቶችን ሲቆጣ ኖሯል። ዛሬም ጠዋት ይህንኑ ለበለጥሽ ደንበኞች ሲተርክ ረፈደበት፤ የጠመንጃው ባለቤት ባዘዘው ከመምጣቱ በፊት ልጨርስ ብሎ እጁ ያገኘውን አነሳ። ሳጥኑን ለመክፈት እንኳ ሰነፈ።

አሁን ከፈተው። አንዱን አስገብቶ ወዘወዘው፤ ላላ። ሌላውን ሞከረ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ላምባ ጠብ አደረገበትና እስኪሰርግ ጠበቀ፤ እጀታውን በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ በደረቱ ክብደት ተጭኖ አዞረው። ብሎኑ ያለ ድምፅ ተፈታ። ይበልጥ ያሳፈረው ይኸው ነበር። ብሎኑ ቀድሞውንም አስቸጋሪ አልነበረም።

ውስጡን ከዝገት ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ መልሶ ገጠመው። ቀጥሎ ጥቀርሻ በዘይት ለውሶ ነጩን ቁስል አጠቆረው። ይህን ሲሠራ ጀርባውን ለበለጥሽ ሰጥቶ ነበር።

ባዘዘው ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ከደጋው፣ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነው። እሑድ የአባቱ ተዝካር ስለሆነ፣ ፈቃድ ያለው የሟቹ ጠመንጃ ተወልውሎ በሐዘንተኛው ፊት ሊዞር ነው።

"ጋሼ ወልደየሱስ! ደረሰልኝ?"

"ደርሷል።"

ባዘዘው ጠመንጃውን ተቀብሎ ሰደፉን ዳበሰው፤ ምላጩን ሞከረና ሳቀ። ወዲያው አውራ ጣቱ ቆመ፤ የተበጠሰ ክር ያገኘ ይመስል።

"ይቺን ደግሞ ምን ነካት?"

መናገሪያው አሁን ነበር።

"ሲመጣም እንዲሁ ነበር" አለ ወልደየሱስ።

"ኦይታ ነዋ!" ባዘዘው ጭኑን መታ። "አምና አባቴ በሕይወት እያለ የፈታው እሱ ነው። አንጥረኛ ነኝ ይላል ደግሞ! ማረሻ መሰለው እንዴ?"

"ተወው፤ ትንሽ ነገር ናት።"

"የሟች ዕቃ ተነክሶ ትንሽ ነገር? ጎሜ ነው እንጂ ጋሼ፣ እርም! እንዲህ ያለ ጥፋት ተሸፍኖ ከቀረ ቤቱን ሁሉ ነው የሚነካው። እሑድ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ይጠየቃል።"

"አላደረግሁም ቢልስ?" አለች በለጥሽ ብርጭቆ እያጠበች። የዚያው አገር፣ የኦቾሎ ልጅ ናት፤ መልሱን ታውቀዋለች። የጠየቀችው ባሏ እንዲሰማ ነው።

"እስኪናገር ድረስ ከሰው ጋር አይበላማ። አይጠጣም።"

ወልደየሱስ የሞርሳውን እጀታ ያለ ሥራ አዞረው። ባዘዘው በራሱ እጅ የሸመነውን ጋቢ ከጆንያ አወጣና ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። "ባለሙያ ማለት እርስዎ ነዎት" ብሎት፣ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

"አውልቀው፤ ይሞቅሃል" አለች በለጥሽ።

"በለጥሽ..."

"ጠዋት ጠመንጃውን ከተጠቀለለበት ጨርቅ የፈታሁት እኔ ነኝ። ብሎኑን አይቼዋለሁ፤ ደህና ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ባል አለኝ፤ እሱ ይናገራል ብዬ።"

ወልደየሱስ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ደርግ የወደቀ ጊዜ፣ ተሃድሶ ካምፕ ውስጥ፣ "ያደረግኸውን ተናገር" ይሉት ነበር። ብሎን ነው ስፈታ የኖርኩት ቢል ማንም አላመነውም። ያላደረገውን ከየት ያምጣ? አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ያጠፋ ሰው መሰለ፤ ቀና ሲልም ያጠፋ ሰው መሰለ። አሁን ያንኑ የተከሳሽ ወንበር ለአንድ ለማያውቀው አንጥረኛ አዘጋጅቶለታል።

ጋቢውን አግዳሚው ላይ ትቶ ወጣ። መጀመሪያ በእርምጃ ሄደ፤ በኋላ ሮጠ።

መናኸሪያው ሲደርስ ወደ ጨንቻ የሚወጣው አይሱዙ መኪና ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል። ባዘዘው ከኋላ፣ በተሳፋሪዎች መሃል፣ ጠመንጃውን ታቅፎ ብሎኑን ያሳያል።

"ኦይታ ነው እንዲህ ያደረገው?" ትላለች ቅል የታቀፈች ሴትዮ። "እኔ እኮ ጎረቤቱ ነኝ! ቆይ፣ ሚስቱን ላግኛት ብቻ!"

"ባዘዘው፣ እስቲ ጎንበስ በል" አለ ወልደየሱስ ከታች። ባዘዘው ጎንበስ ሲል በጆሮው ነገረው። "ኦይታ አይደለም። እኔ ነኝ፤ ዛሬ። በማይሆን ካቻቪቴ፣ በስንፍና።"

ባዘዘው ጠመንጃውን አየ፤ ወልደየሱስንም አየ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ፤ ጥፋተኛው ራሱ ይመስል።

"ይመለሱ ጋሼ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሰው መሃል አይሆንም። ኦይታን እተወዋለሁ፤ ነገሩ እዚሁ ይቅር።"

መመለስ ይችል ነበር። ሴትዮዋ ግን አጠገቧ ላለችው ስለ ኦይታ ሚስት ማውራት ጀምራለች፤ ወሬው ከመኪናው ጋር ዳገቱን ሊወጣ ነው።

ወልደየሱስ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ ራሱን ወደ ላይ ሳበ።

"ጠጋ በይልኝ እመቤት" አላት። አልተቀመጠም። የመኪናውን ጎን እንደያዘ ቆሞ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ለሁሉም እንዲሰማ፣ "ይህን ብሎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ብሎ ጀመረ።