የወይራ ከሰል

ጣልያን ከጎንደር ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በአዲስ ዓለም ሰፈር ግን ክረምት በገባ ቁጥር የጉድጓዱ ውኃ ረግረግ ረግረግ ይሸት ነበር። የወለላ ስም በሰፈሩ የተነሣው ይህን ሽታ አጠፋች ተብላ ነው።

ዘዴውን ያሳያት የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ገብረ ሚካኤል ነበር። ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የገዛችውን ማሰሮ ቂጡን በሳች፤ ከሥር አሸዋ፣ ከላይ የተወቀጠ ከሰል ሞላችበት፤ ውኃውን በዚያ ታጠልለው ጀመር። ከሰል ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ግን ራሷ ሞክራ ነው የደረሰችበት። የባሕር ዛፉ ዱቄት ይሆናል፤ በቅጡ ያልከሰለው ውኃውን ጢስ ጢስ ያሰኘዋል። ሲመቱት እንደ ሸክላ የሚጮኸው የወይራ ከሰል ደኅና አድርገው ካጠቡት ውኃውን የምንጭ ያስመስለዋል።

ጎረቤቷ ሰኪና፣ የጨርቅ ነጋዴው የዐብዱረሕማን ሚስት፣ ቀምሳ ተደነቀች። ሁለቱም እመጫቶች ነበሩ።

«ምነው እንዲህ ሸጋ ሆነ? እኔ እኮ ያፈላሁት ጥሜን አይቆርጥልኝም። ከእንግዲህ ማፍላት ቀረ በይኛ!»

ወለላ አፏ ላይ የመጣውን ቃል መለሰችው። ገብረ ሚካኤል «ከሰሉ ሽታና ጣዕም ያነሣል እንጂ በሽታ አይገድልም፤ ካጠለልሽ በኋላ አፍዪው» ብሎ አስጠንቅቋታል፤ እሷም ታፈላ ነበር። ግን ይህን ብትናገር በሰኪና ፊት ላይ የበራው አድናቆት የሚጠፋ መሰላት።

«ምን ማፍላት ያሻዋል እቴ! ወይራው ይበቃል።»

ሰኪናም እንደ ወለላ እያጠለለች ሳታፈላ ትጠጣ ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ተቅማጥና ትኩሳት ጣላት። ጡቷ ነጠፈ። ወለላ «ውኃውን አፍሉት» አለች ለቤተ ሰቡ፤ ምክንያቱን ግን ዋጠችው። ከዚያ የሚያለቅሰውን ሕፃን ከአልጋው አንሥታ ከራሷ ልጅ ጋር ታጠባው ጀመር።

«አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ። ከእንግዲህ ልጆቻችን ወንድማማች ናቸው» አላት ዐብዱረሕማን። ሰፈሩም መረቃት። በተመረቀች ቁጥር ቀና ብላ ሰው ማየት እያቃታት ሄደ።

ገብረ ሚካኤል እየተመላለሰ አክሞ ሰኪናን ከሞት አተረፋት። ቀና ብላ መቀመጥ በቻለች ዕለት የወለላን እጅ ይዛ ልትስም ጎነበሰች።

«አንቺ ባትኖሪ ልጄ አፈር ገብቶ ነበር።»

«አትሳሚኝ» አለች ወለላ፣ እጇን እየሸሸገች። «መፍላት እንዳለበት አውቅ ነበር። እኔ አፍልቼ ነው የምጠጣ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ስታደንቂኝ ደስ አለኝ።»

ሰኪና «ዐብዱ እንዳይሰማ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ሕፃኑን የሰኪና አማት ይዛው መጣች። የሰኪና ጡት ገና አልተመለሰም። ወለላ ተቀብላ ጡቷን አጎረሰችው። አሮጊቷ ምንም አልሰማችም፤ እንደ ልማዷ መረቀቻት፣ ለልጆቿም ለከብቷም ለመነችላት። ወለላ «አሜን» ማለት አቅቷት በሕፃኑ ላይ አቀረቀረች።