ድምፅ የሌለው ጎማ

መነጽር ሻጩ ለዚያች ባለሁለት በር ስፖርት መኪናው ቸርኬና ጎማ ሲመርጥ ቅዳሜው አለቀ። ለትዳር እንኳ እንዲህ አልመረጠም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሆዱ ቀድሞት ስለሚሄድ ሰው ሁሉ ድብልብል የሚለው የጎማ ቤቱ ባለቤት አንዱን ቸርኬ ያነሣል፣ ሌላውን ያስቀምጣል። ባለ ዐሥራ ስምንት ኢንቹ አማላይ ነው፤ ግን ጎማው ስስ ስለሚሆን ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ይጣመማል። ባለ ዐሥራ ሰባቱ ግን መሪ ሲጠመዘዝ ከመኪናው አካል ጋር አይፋተግም። በእሱ ተስማሙ።

«ጎማውስ?»

«ይሄኛው መንገዱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ግን ይጮኻል። ያኛው ደግሞ ድመት በለው፤ ጎረቤት እንኳ አይሰማህም።»

አሮጌዎቹ ጎማዎች ወጣ ገባ ሆነው አልቀው፣ የሰፈሩ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲያላዝኑ ያፍር ነበር። ስፖርት መኪና ይዞ እንደ ጋሪ መጮህ ምን ይሉታል! ዝምተኛውን መረጠ። አሮጌዎቹን ደግሞ፣ ጎማ ለጫማ የሚከታትፍ ሰው ጭኖ ወሰዳቸው።

የመነጽር ሻጩ አባት ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሥራው ሁሉ አንድ በአንድ ከእጃቸው ወጥቷል፤ የቀረቻቸው የግቢውን በር መክፈት ብቻ ናት። ጎረቤት በሞተሩ ጩኸት ስለተማረረ ልጅየው ከመታጠፊያው ጀምሮ ማርሹን ነጻ አድርጎ ቁልቁለቱን በቀስታ ይወርዳል። እንዲያም ሆኖ ደጃፉ ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ፣ አባቱ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው «ዛሬ ፈጠንህ» ይሉታል። እንዴት እንደሚያውቁ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። ለምዶታላ።

ያን ቅዳሜ ማታ ግን በሩ ዝግ ነበር። የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ሽማግሌው ተደናግጠው ተነሡ፤ የቁልፉ ቀዳዳ አልገኝ አላቸው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«አልሰማሁህም እኮ። ጎማህ ከመታጠፊያው ጀምሮ ይነግረኝ ነበር።» ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። «ቅርቡን እሰማለሁ፤ የሩቁ ግን ከጆሮዬ ሄደ ማለት ነው።»

መነጽር ሻጩ ክው አለ። «የለም፣ የለም! ጎማ ቀይሬ ነው። አዲሱ ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ የሌለው ጎማ! መኪና ነው ወይስ ጀልባ?» ብለው ፈገግ አሉ። እጃቸውን ይዞ ጎማውን አስዳሰሳቸው። አዲስ መሆኑን አወቁ፤ ዝም ማለቱን ግን አላመኑም። «ልታጽናናኝ ነው፤ እግዜር ይስጥህ።»

ሰኞ ወደ ድብልብል ተመለሰ። «የሚያላዝን ጎማ ስጠኝ» ሲለው ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ያ ጩኸት እኮ በገንዘብ አይገዛም። ስንት ዓመት ነድተህ ያመጣኸው ነው። አሮጌዎቹ ደግሞ ተከትፈዋል።»

መነጽር ሻጩ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ጸጸቱ እንደ እሳት ፈጀው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲመረምር እየዋለ የአባቱን ጆሮ ማየት አቃተው። ጎማውን ሲመርጥ አንድ ቃል ቢያማክራቸው ኖሮ!

ማታ ከመታጠፊያው ላይ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። በሩ በሰዓቱ ተከፈተ። የከፈተችው ግን ሚስቱ ናት፤ ቁልፉ እሷ አንገት ላይ ነው። አባቱ ወንበራቸውን ከደጅ አስገብተው ሳሎን ጥግ ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ጥሩምባው አልተሰማህም?»

«ጥሩምባማ ደንቆሮም ይሰማል ልጄ» አሉ። «እኔ እኮ ሳትጠራኝ ነበር የምከፍትልህ።»