ሳይነበብ የተሰጠ መድኃኒት

እኛ መድኃኒት ቤት አንድ ሕግ አለ፦ አንዷ ከመደርደሪያ ታወጣለች፣ ሌላዋ ጮክ ብላ ታነባለች። ሳይነበብ ሰው እጅ የሚገባ ነገር የለም። ዛሬ ግን ምስክሩ መጣ።

ምስክሩ የምንለው ወንድሜ ላይ በሐሰት መስክሮ ስድስት ዓመት ያሳሰረውን ሽማግሌ ነው። እናቴ «ለራስሽ ስትዪ ይቅር በዪው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «እሺ እማዬ፣ ከሞተ በኋላ» እላታለሁ። አቀርቅሮ ማዘዣውን ዘረጋልኝ። ዓይኑን ላለማየት ስጣደፍ ባልደረባዬን እንኳ ሳልጠራ አንዱን ካርቶን ላጥ አድርጌ ሰጠሁት። ሲወጣ ግልግል አልኩ።

ከሰዓት በኋላ መደርደሪያውን ሳስተካክል የጎደለውን ካርቶን አይቼ ክው አልኩ። የታዘዘለት የደም ግፊት፣ የሰጠሁት ከጎኑ ያለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት! ስኳር የሌለበት ሰው ከዋጠው ራሱን ይስታል። ሰውዬው ደግሞ ብቻውን ነው የሚኖረው።

ማዘዣው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ያኔ ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ቁጭ አለ፦ «ማን አየሽ? የእጁን ነው ያገኘው።» እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ነው ያስደነገጠኝ። ጋውኔን እንደለበስኩ ሮጥኩ።

ደጁን ላልረግጥ ምዬ ነበር። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ በላብ ተጠምቆ ተቀምጧል።

«ስንት ዋጡ?»

«ሁለት... አዞረኝ።»

ጓዳ ገብቼ ስኳሩን በውኃ በጠበጥኩና ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠጋሁ። አልጠጣም። ትክ ብሎ አየኝ።

«ሆን ብለሽ ነው?»

«አላነበብኩትም። እርስዎን ላለማየት ስል አላነበብኩትም። ኧረ በፈጠረዎት ይጠጡ!»

ከንፈሩን ገጠመ። እኔም አልፈረድኩበትም፤ እሱ በኔ ቦታ ሆኖ ቢያቀርብልኝ እኔስ እጠጣ ነበር? በኋላ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጥርግ አድርጎ ጠጣው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ።

እሱ! የወንድሜን ስድስት ዓመት የበላው ሰውዬ እኔን ይቅር አለኝ! ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር። ይቅርታ ከአፌ አልወጣም፤ ዛሬም አልወጣም። ክንዱን አንገቴ ላይ አዞርኩና፣ «ቀስ ይበሉ፣ ደረጃ አለ» እያልኩ ወደ ሐኪም ቤት ይዤው ወጣሁ።