ለእትዬ ጥሩዬ የተቀመጠው ኬሻ

የእናቷን የመጨረሻ ደንበኛ የነጠቀቻት ራሷ ፋኢዛ ናት። አዎ፣ የገዛ ልጇ። ሳታውቅ ነው ግን፣ ወላሂ ሳታውቅ።

ማለቴ፣ ፋኢዛ ከትምህርት ቤት መልስ ባምቢስ ጋ አንድ ሱቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ትሸጣለች። ምላሷ ደግሞ ማር ነው። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ሲገቡ፣ "ጭስ የለ፣ ጥላሸት የለ፣ እጅዎ እንኳን አይጠቁርም" ብላ በቃ ሁለት ምድጃ አስታቅፋ ሸኘቻቸው።

ማታ እናቷ ረውዳ፣ "እትዬ ጥሩዬም ባምቢስ ጋ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁ አሉኝ" ስትላት ነው የገባት። ካዛንቺስ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ጥሩዬ። ፋኢዛ በስም እንጂ በመልክ አታውቃቸውም። ሰፈሩ ፈርሶ የከሰል ደንበኛው ሁሉ ሲበተን ለረውዳ የቀሩላት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"እኔ ነኝ የሸጥኩላቸው" አለች ፋኢዛ፣ መሬት መሬት እያየች።

ረውዳ ቀና ብላ አየቻት። "ጎበዝ ነሻ። እኔ አሥር ዓመት ስሸጥላቸው አንድ ቀን ሳይከራከሩኝ ገዝተው አያውቁም።"

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነና አላቆም አለ።

ረውዳ ከሰል የምትመርጠው በጆሮዋ ነው። ሁለት ከሰል ታጋጫለች፤ እንደ ብርጭቆ ከጮኸ ደረቅ ነው፣ ከታፈነ እርጥብ ነው፣ ያጨሳል። ከሐኪም ቤት የመጣች ቀን፣ "ሐኪሙ ልክ እንደኔ ነው፣ ጀርባዬን እያንኳኳ አዳመጠኝ" አለች።

"ምን አለሽ?"

"እርጥብ ነሽ አለኝ።"

ያላት እንኳን ሌላ ነው። ከከሰል ብናኝ ካልራቅሽ አይሻልሽም ነው ያላት።

ግን ለእትዬ ጥሩዬ አንድ በአንድ መርጣ የሞላችው ኬሻ አሁንም በር ሥር አለ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታስመታዋለች። "ይደውሉ ይሆናል" ትላለች፣ ስልኳን እያየች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወሉ። ረውዳ ውጭ ልብስ እያጠበች ስለነበር ያነሳችው ፋኢዛ ናት።

"ረውዳዬ፣ መብራት ጠፍቶ ጉድ ሆኛለሁ፣ ምሳ ደረሰ። አንድ ኬሻ አምጪልኝ። እንደውም በየሳምንቱ ይሁን፣ ይሄ መብራት አይታመንም።"

ፋኢዛ ኬሻውን አየችው። ከውጭ የእናቷ ሳል ይሰማል።

"እትዬ፣ እማዬ ከሰል ትታለች" ብላ ዘጋችው።

ረውዳ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገባች። "ማን ነው? እትዬ ጥሩዬ ናቸው እንዴ?"

"የተሳሳተ ቁጥር ነው እማ።"

"እሺ" አለችና ኬሻውን ወደ ፀሐይዋ ጎተተችው።

ቆይ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?