ውሃው በየት ገባ

አውሎ ነፋሱ የባህር ዳሯን መንደር ፑንታ ማንግሌን አተራምሶ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ኤውላልያ ባሏን ቀብራ እንደተመለሰች ቀጥ ብላ የካሳቫ ማሳዋ ገባች። ሰው ጉድ አለ። ልጇ ሚርታ እየሮጠች ተከተለቻት።

«እማዬ፣ በፈጣሪ! ዛሬ እንኳ አርፈሽ ተቀመጪ። ሰው ምን ይላል?»

ኤውላልያ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ አንዱን ግንድ በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀለችው። «ያሻውን ይበል። ካሳቫ ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። አባትሽ የተከለውን እኔ ቆሜ አላስበሰብስም። ነይ፣ ያዢ!»

ሚርታ ያዘች። ጎረቤት አይቶ ወረደ፣ የጎረቤት ጎረቤትም ወረደ፣ ሲመሽ የመንደሩ ሴት በሙሉ ማሳ ውስጥ ነበረች። በነጋታው ጣሪያ በሌለው የማኅበሩ ዳስ ተሰብስበው ካሳቫውን ላጡ፣ ጠጠር በተሰካበት ሰሌዳ ፈቀፈቁ፣ መርዛማ ጭማቂውን ጨምቀው አወጡና ቂጣውን መጋገር ጀመሩ። ይህ ቂጣ ወራት ቢቀመጥ አይበላሽም። ጣሪያው የተወሰደበት ሰው ይጋግራል ወይ? ይጋግራል እንጂ! እንደ እኛ የጋሪፉና ሕዝብ ከሆነ እየዘፈነ ይጋግራል። ከላ ሴይባ ከተማ እርዳታ እስኪመጣ እጁን ዘርግቶ የተቀመጠ አንድ ሰው በፑንታ ማንግሌ አልነበረም፤ ይህን የምላችሁ በኩራት ነው።

ሥራ ባለበት ወሬ አለ። የዚያን ቀን ወሬ ደግሞ ይህ መዓት ከየት መጣ የሚል ነበር። ከሙታን ጋር የሚነጋገረው የኤውላልያ ታላቅ ወንድም ሂላሪዮ ጥግ ይዞ ፒፓውን ያጨሳል።

«አያቶቻችን ተቆጥተዋል» አለ። «ድግሳቸውን ካበላናቸው ስንት ዘመኑ ነው? ራባቸው። የራበው ሰው ቤት ያፈርሳል።»

አስተማሪው ማርሲያል እንጨት እየፈለጠ ነበር። «ጋሼ ሂላሪዮ፣ አያቶችን ተዋቸው። ባህሩ ሞቋል። ባህር ሲሞቅ ነፋሱ ከእሱ ጉልበት ይጠጣል፤ እየጠጣ ያብጣል። ያሞቀው ደግሞ የሀብታም አገር ጭስ ነው፣ የፋብሪካው፣ የመኪናው።»

«ከዚህ መንደር ሞተር ሳይክል ያለህ አንተ ብቻ ነህ!» አለች አንዷ ሴት ከምጣዱ ሥር። «በል ቤቴን ሥራልኝ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ማርሲያልም ሳቀ። ኤውላልያ ግን አልሳቀችም።

«ነፋሱን ማን እንደላከው እናንተ እስኪመሽ ተከራከሩ» አለች። «ምናልባት ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። እኔ የማውቀው ውሃው በየት እንደገባ ነው።»

ይህንስ ሁሉም ያውቀዋል። ከመንደሩ ጀርባ ጨዋማው ረግረግ ላይ የበቀለው የማንግሮቭ ደን ከጥንት ጀምሮ የባህሩን ጡጫ ሲቀበል የኖረ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘይት ዘንባባ የሚያለማው ኩባንያ ረግረጉን ለማድረቅ ብሎ ደኑን ለሁለት ሰንጥቆ እስከ ባህሩ ድረስ ቦይ ቆፈረ። አውሎ ነፋሱ የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ባህሩ እንደተከለ ውሃው በዚያ ቦይ ዞሮ ከጓሮ መጣ። የኤውላልያ ባል ኒካሲዮ ጓሮ ጀልባውን ሲያስር ውሃው ደረሰበት። በመቃብሩ አፍ ላይ ኤውላልያ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቦዩን የከፈተ ይዝጋው፣ ሌላ አውሎ ነፋስ ሳይመጣ።

ቅዳሜ ጠዋት የኩባንያው የጭነት መኪና ሩዝ ተሸክሞ ከተፍ አለ። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ዶን ኦስባልዶ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ወረደ። ከኋላው አንድ ካሜራ የያዘ ወጣት ነበር። ሾፌሩ ደግሞ የሚርታ ባል ቴዎፊሎ ነው። መኪናውንም፣ የኩባንያውን መቆፈሪያ ማሽንም የሚነዳው እሱ ነው፤ ቦዩን የቆፈረው እሱ ነው። ከቀብሩ ወዲህ አማቱ ፊት አልቆመም፤ ያን ዕለትም ከመሪው አልተነሣም።

ዶን ኦስባልዶ የኤውላልያን እጅ ጨበጠ። «እማማ፣ ነፍስ ይማር። ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። እስቲ ለካሜራው ሁለት ቃል ይበሉልን፤ አደጋው የተፈጥሮ ነው፣ ኩባንያውም ደርሶልናል ይበሉ። ከዚያ ሩዙን እናወርዳለን።»

«ሩዝ አልጠላም» አለች ኤውላልያ። «ቦዩን መቼ ነው የምትዘጉት?»

«እማማ፣ አውሎ ነፋስ እኮ ነው! አውሎ ነፋስን ማን ይከሰዋል?»

«እኔ ነፋሱን መቼ ከሰስኩ? ቦዩን ነው የጠየቅኩህ።»

ዶን ኦስባልዶ ፈገግታው ጠፋ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረ። «ቦዩ ሲቆፈር ፈቃድ የሰጠው ማን ነው? እናንተ አይደላችሁም? ከበሮ እየመታችሁ! ለሠራተኞቹ ቂጣ ጋግረው ያቀረቡት እርስዎ ራስዎ አይደሉም?»

እውነቱን ነው። በፑንታ ማንግሌ ሰው ደጅህ ላይ ሲሠራ ካየህ ታበላዋለህ፣ ከበሮም ትመታለታለህ፤ ሥራው የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ደግሞም ቦዩ በጀልባ ማሳ የሚያደርስ አቋራጭ ሆኖላቸው ነበር። ኒካሲዮ በደስታ ከበሮውን እስኪቀደድ ደብድቧል። ሂላሪዮ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ መሬት መሬት አየ። ሚርታ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማዬ፣ በቃ በያቸው። የቴዎፊሎ ሥራ እኮ ነው፣ የልጆቼ እንጀራ...»

ኤውላልያ የልጇን እጅ ያዝ አደረገች። ሁለት ቃል ነው፣ ብትለው ምን አለበት? ግን ኒካሲዮን የገደለው ማንም አይደለም ብላ ለዓለም ልትናገር ነው፤ ቦዩም እንደተከፈተ የልጅ ልጆቿን ሊጠብቅ ነው። ወደ ካሜራው ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ ይቀዳል? ጎሽ። ስሜ ኤውላልያ ይባላል። ዶን ኦስባልዶ የተናገረው እውነት ነው። ቂጣውን የጋገርኩት እኔ ነኝ። ከበሮውን የመታው ሟቹ ባሌ ነው። ስለዚህ ግማሹ ቦይ የእኛ ነው።»

ዶን ኦስባልዶ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ።

«የእኛን ግማሽ ዛሬ እንዘጋለን» አለች። «በእጃችን። የቀረው ግማሽ የእናንተ ነው። እኛ የእኛን ስንጨርስ የእናንተን መጥተን እንጠይቃለን፤ ከሰማይ የመጣ ነው እያላችሁ አታምልጡን።»

አካፋዋን አነሣችና ወደ ቦዩ ሄደች። ቂጣ ምጣድ ላይ ጥላ የተነሣች አለች፣ ልጇን እንዳዘለች የተነሣች አለች። ሂላሪዮ በዚያ እርጅናው ከበሮ አንጠልጥሎ ተከተለ። ነፋሱ የጣለውን የኮኮናት ግንድ ወንዶቹ እየጎተቱ ቦዩ አፍ ላይ አጋደሙት፣ ሴቶቹ አፈር በቅርጫት እየተቀባበሉ ደፉበት። ዘፈኑ ደኑን አናጋው። ያን ጊዜ ያያቸው ሰው ቤት የፈረሰባቸው ናቸው ብሎ አያምንም።

«ካሜራውን አጥፋው!» አለ መኪናው አጠገብ የቀረው ዶን ኦስባልዶ። ወጣቱ ያልሰማ መሰለ። «ቴዎፊሎ! ሞተር አስነሣ፣ እንሄዳለን!»

ቴዎፊሎ ሞተሩን አስነሣ። ሚርታ ባሏን ስታይ በእጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ቴዎፊሎ ወርዶ የሩዙን ጆንያ አንድ በአንድ አራገፈና ቁልፉን ለአለቃው ሰጠ።

«ዶን ኦስባልዶ፣ መንገዱን ያውቁታል። ማርሹ ትንሽ ያስቸግራል እንጂ።»

«አብደሃል? ነገ ሥራ የለህም!»

«እዚህ ሥራ ሞልቷል» አለ ቴዎፊሎ።

ቦዩ ዳር ሲደርስ ዘፈኑ ቆመ። አማቱ ፊት ቆሞ ቀና ማለት አቃተው።

«እማማ፣ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ኒካሲዮን...»

«አውቃለሁ» አለች ኤውላልያ። እሷም ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ አልጠረገችውም። «አንተ እስክትናገረው ነበር የምጠብቀው። በል፣ ጥልቁ የት ጋ እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ግባና አሳየን።»

ቴዎፊሎ ጫማውን አውልቆ ደረቱ ድረስ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ኤውላልያም የመጀመሪያውን ቅርጫት በራሷ እጅ አቀበለችው።