የወለቴ የሰሜን ዓመታት

ወለቴ ያረፈችው ማክሰኞ ማለዳ ነው። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። የዕድሩ ሰዎች አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው ቤቷ ደጅ ድንኳን ሲተክሉ፣ ልጇ ቤተል ጓዳ ገብታ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ተቀመጠች። መምህርት ስለሆነች መጻፍ አይቸግራትም። እናቷ ጨንቻ መወለዷን፣ ማግባቷን፣ በቤተ ክርስቲያን ማገልገሏን አሰፈረች። መሐሉ ግን ባዶ ቀረባት። በደርግ ዘመን እናቷ ሰሜን፣ ጦርነቱ ውስጥ እንደነበረች ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ አታውቅም። ስትጠየቅ «ልብስ አጥብ ነበር» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ትሻገር ነበር።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ኦይታ ከላንቴ መንደር በባጃጅ መጡ። ጦርነት አንድ እግራቸውን የወሰደባቸው፣ ሙዝ እያለሙ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አልቅሰው ሲያበቁ ቤተል አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ኦይታ፣ እርስዎም ሰሜን ነበሩ። እማዬ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«አልነገረችሽም?»

«ልብስ አጥብ ነበር ነው የምትለው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማጠቡንማ አጥባለች። የስንቱን ደም!»

ቀስ እያሉ ነገሯት። ወለቴ ወደ ሰሜን የሄደችው በአፈሳ የተወሰደ ታናሽ ወንድሟን ፍለጋ ነበር። እሱን አላገኘችውም። ቁስለኞች የሚታከሙበት ቦታ ደርሳ፣ የፋሻና የልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ከቁስለኞቹ ብዙዎቹ አማርኛ በቅጡ የማይሰሙ የጋሞ ደጋ ልጆች ነበሩ። ሐኪሞቹ መግባባት ሲያቅታቸው ከማጠቢያው ያስጠሯት ጀመር። ሕመማቸውን ጠይቃ ታስረዳለች፤ ሊሞት የተቃረበውን በአፍ መፍቻው እያነጋገረች እጁን ይዛ ትቀመጣለች። አዲስ ለሚመጣ ሁሉ የወንድሟን ስም ትጠራለት ነበር።

«እኔን ሲያመጡኝ እግሬ በስብሷል» አሉ ጋሽ ኦይታ። «ካልተቆረጠ ይሞታል ተባለ። እምቢ አልኩ። ሸማኔ ነኝ፤ መርገጫውን በምኔ ልርገጥ? ከነእግሬ ቅበሩኝ አልኩ። ያኔ ወለቴ መጣችና በቋንቋችን ‹አይቆርጡትም፤ ጥይቱን ብቻ ነው የሚያወጡት› አለችኝ። አመንኳት። የአገሬ ልጅ ናታ!»

«ከዚያስ?»

«ስነቃ እግሬ የለም።»

ቤተል አጠገባቸው ወዳረፈው ክራንቻ ዞር ብላ አየች።

«ከእናት ከአባቷ አንስቼ ሰደብኳት። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ‹ስደበኝ፤ ግን ሾርባህን ጠጣ› ትለኛለች። ጦሩ ሲፈታ መራመድ የሚችለው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ሸሸ። እሷ ግን መኪና እየለመነች፣ መኪና ስናጣ አዝላኝ፣ እዚህ ድረስ አመጣችኝ። ሽመናው እዚያው ቀረ። ልጆች ግን ወለድኩ።»

«እማዬ በየፋሲካው ላንቴ የምትመጣው…»

«ይቅር በለኝ ልትለኝ ነዋ! ምኑን ነው ይቅር የምልሽ ብላት አታምነኝም። ‹አታለልኩህ› እያለች ታለቅሳለች።»

ቤተል የሰማችውን ሁሉ ጻፈች። ቀብሩን የሚመራው ወንጌላዊ ሲላስ ሲያነበው ፊቱ ከበደ።

«የማታለሉን ነገር ተይው፣ እህቴ። ‹ቁስለኞችን አስታማለች› ብለሽ እለፊው። በዚህ ቀን እናትሽን ሰው ፊት ውሸታም አታድርጊያት።»

ቤተል አመነታች። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ የደበቀችውን በመቃብሯ ላይ መግለጥ ከበዳት። ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ ብቻዬን ብነግራት አላመነችኝም። ዛሬ ሕዝብ ይስማልኝ።»

ከመቃብሩ አፋፍ ቆማ አንድም ቃል ሳትቀንስ አነበበችው። «አይቆርጡትም» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ጋሽ ኦይታን አየች፤ ከዚያ ቀጥላ ጨረሰችው። ጋሽ ኦይታ በክራንቻቸው ሕዝቡን አልፈው ሳጥኑ አጠገብ ደረሱ።

«ወለቴ» አሉ በጋሞኛ፣ «ልጆቼን ድሬአለሁ። የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ምንም አላጠፋሽም፤ ስሚኝ፣ ምንም።»

ሲላስ መዝሙር ሊያስጀምር አፉን ከፈተ፤ ግን ትቶት ለሽማግሌው መንገድ ለቀቀላቸው። ሽማግሌው አፈር ሊዘግኑ ጎንበስ ሲሉ ተንገዳገዱ። ቤተል ሮጣ በብብታቸው ገብታ ደገፈቻቸው። እናቷን አፈር ያለበሷት አብረው ነው።